«ያላመነ ይቁጠር» ለተባለው ቁጥር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ አምስት ጊዜ ደረሰኝ። ሁለቴ ከቤተሰብ ግሩፕ፣ አንዴ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ፣ አንዴ ከዕድራችን ግሩፕ። አምስተኛውን የላከችልኝ ሰባተኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ ናት። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚል ጽፋበታለች። አራቱን በዝምታ አልፌ ነበር። አምስተኛውን ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩም ይኸውና፦ 18,446,744,073,709,551,615።

ላልደረሳችሁ ላሳጥረው። ነገሩ የሚጀምረው በቼዝ ነው። ቼዝን የፈለሰፈውን ህንዳዊ ጠቢብ ንጉሡ «ምን ልሸልምህ?» ይለዋል። ጠቢቡም ለመጀመሪያው ቤት አንድ የስንዴ ፍሬ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው አራት፣ እንዲህ በእጥፍ እየሄደ እስከ 64ኛው ቤት እንዲሰጠው ይጠይቃል። ድምሩ ያ ቁጥር ነው። ከዚህ ተነስተው ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ይህ የቁጥሮች ሁሉ መጨረሻ ነው፤ ኮምፒውተር እንኳ ከእሱ አያልፍም። ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል፣ በሒሳብ «ብቸኛ ቁጥር» የሚባለው ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ «ፍጹም» ነው። አኃዞቹ ተደምረው ተደምረው 6 ይሆናሉ፤ ይህም የስድስቱ የፍጥረት ቀናት ማኅተም ነው። በህንድ ቤተ መቅደስ መነኮሳት ይህን ያህል ጊዜ ዲስክ አንቀሳቅሰው ሲጨርሱ ዓለም እንደሚያልፍ ጥንታዊ ትንቢት አለ። አባቶቻችን በእጥፍ ያባዙ ስለነበር ኮምፒውተር የእኛ ፈጠራ ነው። በመጨረሻም፣ ጠቢቡ ስንዴውን ትቶ ጤፍ ቢጠይቅ ኖሮ የጎጃም የአንድ ጥሩ ዓመት ምርት ይበቃው ነበር። መዝጊያቸው አጭር ናት፦ «ያላመነ ይቁጠር»።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ላስቀድም። ቁጥሩ ራሱ ትክክል ነው። ሃያውንም አኃዝ በወረቀት አረጋግጫለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። የ64ኛው ቤት ድርሻ ብቻውን 9,223,372,036,854,775,808 ነው፤ እሱን ጠቅላላ ድምር አድርገው የሚጽፉ አሉ። ጸሐፊያችን ግን አልሳቱም። የድምሩ ምስጢርም ቀላል ነው። 1 እና 2 ሲደመር 3። 4 ሲጨመርበት 7። 8 ሲጨመርበት 15። ድምሩ ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ቤት በአንድ ያንሳል። ገበታው 65ኛ ቤት ቢኖረው ኖሮ እዚያ የሚቀመጠው 2⁶⁴ ነበር፤ ማለትም 2 ስልሳ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ። የእኛ ቁጥር ከዚያ በአንድ ያነሰው ነው፤ 2⁶⁴ − 1። ይህችን «ሲቀነስ አንድ» ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከእሷ ነው የሚወጣው።

ተረቱንም አልቃወምም። ኢብን ኻሊካን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መዝግቦታል፤ የቆየ ጨዋታ ነው። በነገራችን ላይ የጥንቱ የእኛ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ እሱም 64 ቤት ነበረው። የሚለየው በአከፋፈቱ ነው። «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያው ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባንድ ላይ ያንቀሳቅሳሉ። የፌስቡክ ክርክራችንን ያስታውሰኛል።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንሂድ። «የቁጥሮች መጨረሻ»። ይህን ለመመለስ አንድ መደመር ይበቃል፦ 18,446,744,073,709,551,616። አለቀ።

ስለ ኮምፒውተር ያሉት ግን ውስጡ እውነት አለበት፤ ስለዚህ ቆም እንበል። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንይዘው ስልክና ላፕቶፕ ባለ 64 ቢት ነው። ቢት ማለት እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ቁጠሩት፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። 64 ማብሪያ ደርድራችሁ ሁሉንም ብታበሩ የምታገኙት ቁጥር ይኸው የእኛ ቁጥር ነው። እዚያ ላይ አንድ ብትጨምሩ ሁሉም ጠፍተው ዜሮ ይሆናሉ። አባቴ አሮጌ ቮልስ ነበረችው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ባለ አምስት አኃዝ ነበር። አንድ ቀን ከደብረ ዘይት ስንመለስ 99999 ደረሰና ዓይናችን እያየ 00000 ሆነ። አባቴ «አዲስ መኪና ገዛን» ብሎ ሳቀ። መኪናዋ ግን ያው ናት፤ የሄደችውም መንገድ አልጠፋም። የሞላው ሳጥኑ ነው።

ኮምፒውተርም እንደዚያ ነው። አንዱ ሳጥን ሲሞላ ሌላ ሳጥን ይቀጥላል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 2⁶⁴ን ብትጠይቁት ሳያቅማማ ሃያውንም አኃዝ ያወጣል። 2¹⁰⁰⁰ ብትሉትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አኃዝ አለው። እሱም 2 ን 136,279,841 ጊዜ በራሱ አባዝቶ አንድ መቀነስ ነው። በአንድ ገጽ 3,000 አኃዝ ቢታተም ከ13 ሺህ ገጽ በላይ ይወጣዋል። ያን ያገኘው ኮምፒውተር ነው። በሃያ አኃዝ የሚቆም ማሽን ይህን እንዴት ያደርገዋል?

የሳጥን መሙላት ግን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓው ሮኬት አሪያን 5 በተነሳ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ አየር ላይ ፈንድቷል። ምክንያቱ አንድ ትልቅ ቁጥር 16 ቢት ብቻ ባለው ሳጥን ውስጥ ሊገባ ሲል መትረፉ ነበር። ሌላም እየመጣ ነው። ብዙ አሮጌ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ሳጥናቸውም 32 ቢት ነው፤ አንዱ ቢት ግን ለአሉታዊ ምልክት የተያዘ ነው። የሚችሉት ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። እዚያ የሚደርሱት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ቀጣዩዋ ሰከንድ ላይ ካልታደሱ ወደ 1901 ይመለሳሉ።

አሁን ይህንን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሩት። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት ጠዋት፤ ጃን ሜዳ ጠበል በሚረጭበት ሰዓት ማለት ነው። ይህን የጻፍኩት እየፈራሁ ነው። ጸሐፊያችን እጅ ከገባ ነገ በሌላ ጽሑፍ ትንቢት ሆኖ ይመጣል። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ዓመት 365 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ የእኛ በዓላት ደግሞ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «በምንም የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሳላፍር ሳቅኩ። የቁጥሩ መጨረሻ አኃዝ 5 ነው። በ5 የሚጨርስ ቁጥር በ5 እንደሚካፈል የሦስተኛ ክፍል ልጅም ያውቃል። ይባስ ብሎ ጸሐፊው ራሳቸው በሦስተኛው ነጥብ አኃዞቹ ተደምረው 6 እንደሚሆኑ ነግረውናል። የአኃዞቹ ድምር በ3 ከተካፈለ ቁጥሩም በ3 ይካፈላል። ስለዚህ ሦስተኛው ነጥባቸው ሁለተኛውን አፍርሶታል። እኔ ገና አልጀመርኩም።

ከየት እንዳመጡት ግን ይገባኛል። 2 ን ደጋግሞ አባዝቶ አንድ መቀነስ አንዳንዴ በእርግጥ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል። 3፣ 7፣ 31፣ 127 ብቸኛ ናቸው። ቅድም ያየነው 2,147,483,647ም ብቸኛ ነው፤ የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1772 አረጋግጦታል። ነገር ግን 15፣ 63፣ 255 አይደሉም። ብቸኛ ለመሆን መጀመሪያ 2 ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚነግረን ቁጥር ራሱ ብቸኛ መሆን አለበት። 64 አይደለም፤ ስለዚህ በሩ ገና ከጅምሩ ዝግ ነው። ብቸኛ ቢሆንም ዋስትና የለም። 11 ብቸኛ ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2,047 ነው፤ እሱም 23 × 89። ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሴን በ1644 ብቸኛ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ 2⁶⁷ − 1 ይገኝበታል። በ1903 ኮል የተባለ አሜሪካዊ 193,707,721 × 761,838,257,287 መሆኑን አሳየ። ጸሐፊያችን ተሳሳቱ ከተባለ የተሳሳቱት ከታላላቆች ጋር ነው። ልዩነቱ የመርሴን ቁጥር በ5 አለመጨረሱ ነው።

የሚያሳዝነኝ ስህተቱ አይደለም። ቁጥሩ ባይካፈል ኖሮ ይህን ያህል ደስ አይልም ነበር። አብረን እንፍታው፤ ወረቀት ያዙ።

15 ማለት 3 × 5 ነው። 255 ማለት 15 × 17 ነው። 65,535 ማለት 255 × 257 ነው። 4,294,967,295 ማለት 65,535 × 65,537 ነው። የእኛ ቁጥር ደግሞ 4,294,967,295 × 4,294,967,297 ነው። አያችሁት? በየደረጃው ያለፈውን ቁጥር በሁለት በሚበልጠው ታባዙታላችሁ። ከ3 ተነስተን በአምስት ማባዛት ሃያ አኃዝ ደረስን።

አሁን አዲስ የገቡትን ብቻ እዩ፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537፣ 4,294,967,297። እነዚህ የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹን አምስቱን አይቶ፣ ሁሉም ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ማንም ለመቶ ዓመት ያህል አላፈረሰበትም። በ1732 ኦይለር መጣና ስድስተኛውን ለሁለት ከፈለው፦ 641 × 6,700,417። እስኪ ራሳችሁ አባዙት። ስልካችሁ አይበቃም ካላችሁ በእጃችሁ ሞክሩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ ቁጥራችን ሲፈታ ይህ ነው፦ 3 × 5 × 17 × 257 × 641 × 65,537 × 6,700,417። ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ። ከሰባቱ እያንዳንዱን ወይ ትወስዳላችሁ ወይ ትተዋላችሁ። ምርጫው 2 በ2 እየተባዛ ሰባት ጊዜ ይሄዳል፤ 128። ስለዚህ «በምንም አይካፈልም» የተባለው ቁጥር 128 አካፋይ አለው።

ከነዚህ ውስጥ አምስቱ፣ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537፣ ሌላም ታሪክ አላቸው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1796፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ባለ 17 እኩል ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሣል እንደሚችል አረጋገጠ። ከጥንት ግሪኮች ወዲህ በዚህ ጉዳይ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ ነበር። ዛሬ በዚህ መንገድ ሊሣሉ የሚችሉ፣ የጎናቸው ብዛት ጎዶሎ የሆነ ቅርጾች የሚታወቁት 31 ናቸው። የጎኖቻቸውም ብዛት አምስቱን ቁጥሮች ለየብቻ ወስዶ ወይም እርስ በርስ አባዝቶ የሚገኘው ነው። ትልቁ 4,294,967,295 ጎን አለው። ይህ ሁሉ ጠቢቡ በጠየቀው ስንዴ ውስጥ ተቀምጧል። ጸሐፊያችን ከዚህ ሁሉ «አይካፈልም» የሚለውን መረጡ።

«ፍጹም» ያሉትን በቶሎ ልለፈው። በሒሳብ ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ ሌላ ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት ነው። 6 ፍጹም ነው፤ 1 እና 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ይሆናሉ። 28ም እንዲሁ። የእኛ ቁጥር 127 አካፋዮች ቢደመሩ የቁጥሩን 70 በመቶ ገደማ ብቻ ይደርሳሉ። ከዚህም ሌላ ጎዶሎ የሆነ ፍጹም ቁጥር እስከ ዛሬ አንድም አልተገኘም። ለምን እንደተምታታባቸው ግን እገምታለሁ። ብቸኛ የሆኑት 3፣ 7፣ 31 እና 127 እያንዳንዳቸው አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳሉ፤ 6፣ 28፣ 496 እና 8,128። ዝምድናው እውነት ነው። ለ64 ግን አይደርስም።

ሦስተኛው የማኅተሙ ነገር ነው። አኃዞቹን ደመርኳቸው፤ 87 ይመጣል። 8 እና 7፣ 15። 1 እና 5፣ 6። ድምሩ ልክ ነው። ግን ከመደነቃችን በፊት የቀሩትን ቤቶች ድምርም እንይ። 1፣ 3፣ 7፣ ከዚያ 15 ማለት 6፣ 31 ማለት 4፣ 63 ማለት 9። ከዚያ 127 ማለት 1፣ 255 ማለት 3፣ 511 ማለት 7፣ 1,023 ማለት 6። እየዞረ ነው። 1፣ 3፣ 7፣ 6፣ 4፣ 9፤ እንደገና ከ1። በየስድስት ቤቱ አንድ ጊዜ 6 ይመጣል። አራተኛው፣ አሥረኛው፣ አሥራ ስድስተኛው እያለ ሲሄድ 64ኛው ላይ ያርፋል። ይህ ማኅተም ከሆነ 15 ቁጥርም ተመሳሳይ ማኅተም አለው። 15 ቁጥር አውቶቡስም እንደዚያው።

ደግሞ ይህ የአኃዝ ድምር የሚሠራው በዚህ በአሥር አጻጻፍ ስለምንጽፍ ብቻ ነው። 15ን በግእዝ ጻፉት፦ ፲፭። ምልክቶቹ አሥር እና አምስት ናቸው። ብትደምሯቸው ያው 15 ይመለሳል እንጂ 6 አይመጣም። የግእዝ ቁጥር ዜሮም የለው፣ አሥሮቹም የራሳቸው ምልክት ነው ያላቸው። እንግዲህ ማኅተሙ በአባቶቻችን አጻጻፍ የማይታይ ከሆነ ለማን ነው የታተመው? ይህን የምለው ኦሪት ዘፍጥረትን ልነካ አይደለም። ስድስቱ ቀናት የእኔንም ሆነ የጸሐፊውን ሒሳብ አይጠብቁም።

የህንዱ መቅደስ አጭር መልስ ነው ያለው። «የሃኖይ ግንብ» የሚባል እንቆቅልሽ መጫወቻ አለ። ሦስት እንጨት፣ በትልቅነታቸው የተደረደሩ ዲስኮች። አንድ በአንድ ታዛውራላችሁ፤ ትልቁን በትንሹ ላይ አታስቀምጡም። 64 ዲስክ ቢኖር በትንሹ የሚጠይቀው በትክክል የእኛን ቁጥር ያህል ማንቀሳቀስ ነው። እዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ጥንታዊ የተባለው ግን ጥንታዊ አይደለም። መጫወቻውን በ1883 ለገበያ ያወጣው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካስ ነው። በራሱ ስም እንኳ አላወጣውም። «የሲያሙ ፕሮፌሰር ክላውስ» ብሎ ፈረመ፤ ፊደላቱ ሲገለባበጡ «የአሚያኑ ሉካስ» ይወጣል፤ የትውልድ ከተማው ናት። የመነኮሳቱ ተረትም ከመጫወቻው ጋር የተሰራጨ ማሻሻጫ ነው። ደግሞም በሰከንድ አንድ ቢያንቀሳቅሱ 584 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ 42 እጥፍ። ለትንቢትም በዛ።

አምስተኛውን ስመልስ ድምፄን ዝቅ ላድርግ፤ ምክንያቱም እኔንም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። በእጥፍና በግማሽ የማባዛት ዘዴ አለ። በውጭ አገር መጻሕፍትና ድረ ገጾች «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ ይጠራል። ለማያውቀው አንድ ላሳይ። 22 እንቁላል፣ አንዱ 17 ብር። 22ን እያጋመሳችሁ ውረዱ፤ የተረፈውን ግማሽ ጣሉት፦ 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በጎኑ 17ን በእጥፍ እያሳደጋችሁ ጻፉ፦ 17፣ 34፣ 68፣ 136፣ 272። በስተግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች ሰርዙ፤ 22 እና 2 ያሉበትን። የቀሩትን ደምሩ፦ 34፣ 68፣ 272። 374 ብር። ማባዣ ሰንጠረዥ ያልሸመደደ ሰው ሒሳቡን ጨረሰ።

ለምን ሠራ? 22 ማለት 16 እና 4 እና 2 ስለሆነ ነው። ማጋመሱ 22ን በማብሪያ ማጥፊያ ጻፈው። የኮምፒውተር ፕሮሰሰርም ሲያባዛ በመሠረቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ዝምድናውን ማየታቸው ትክክል ነው፤ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ከዚያ ወደ «ኮምፒውተር የእኛ ፈጠራ ነው» መዝለል ግን ረጅም ዝላይ ነው። በግብፅ አሕምስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ በእጥፍ ማባዛት አለ። ይኸው ዘዴ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» ተብሎም ይጠራል። ቁጥርን በዜሮና በአንድ ብቻ መጻፍን ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ በ1703 አሳትሞታል። ሐሳቡ ብዙ ቤት የገባ እንግዳ ነው። እኛም ቤት ገብቷል፤ ይህ ያስደስታል። የባለቤትነት ካርታ ግን አያወጣም።

የመጨረሻው የጤፉ ነጥብ ነው፤ ቁጠሩ ያሉትም እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣች። ከጎረቤታችን የወርቅ ሚዛን ተዋስን። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ አሥረኛ ግራም ነጭ ጤፍ አስቀመጥን፤ ያቺን ታክል ለማየት መነጽር ያስፈልጋል። በመርፌ ጫፍ እየለየች ቆጠረች። ስታስነጥስ እንደገና ጀመረች። 304 ፍሬ።

አሁን ሒሳቡ። በአንድ ግራም 3,040 ገደማ። በአንድ ኩንታል 304 ሚሊዮን። የጠቢቡ ዕዳ በጤፍ ሲሰላ 60 ቢሊዮን ኩንታል ያልፋል። የኢትዮጵያ ሁሉ የአንድ ዓመት የጤፍ ምርት በቅርብ ዓመታት ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ኩንታል ነው። ጎጃም ብቻውን አይደለም፤ ሸዋም ወለጋም ሁሉም ተደምሮ ከሺህ ዓመት በላይ ማረስ አለበት፤ አንዲት እንጀራ ሳይጋገር። በስንዴ ከሆነ አንዱ ፍሬ 40 ሚሊግራም ቢመዝን 738 ቢሊዮን ቶን ይመጣል። ዓለም በሙሉ በዓመት የሚያመርተው 800 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው። ከ900 ዓመት በላይ።

ጸሐፊው ለምን እንደተታለሉ ግን አውቄያለሁ፤ እኔም ስጀምር ተታልዬ ነበር። አንድ ኩንታል ጤፍ የገበታውን የመጀመሪያ 28 ቤቶች ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ግማሹ ሊደርስ አራት ቤት ብቻ ቀረው። «ሁለት ኩንታል ይበቃል» ያሰኛል። ሁለት ኩንታል ግን አንድ ቤት ብቻ ነው የሚጨምረው፤ 29ኛውን። የአገሪቱን ምርት 55 ሚሊዮን ኩንታል ብለን ብንይዝ 53ኛውን ቤት ሞልቶ 54ኛው ላይ ያልቃል። አሥራ አንድ ቤት የቀረ ይመስላል፤ የተከፈለው ግን ከዕዳው አንድ ሺህኛ አካባቢ ነው።

ይህን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ አላዳመጠችኝም። የቼዝ ገበታዬን አውርዳ የቆጠረችውን ጤፍ በየቤቱ እያስቀመጠች ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ስምንተኛው ቤት ላይ 128 አድርጋ የመጀመሪያውን ረድፍ ጨረሰች። እጇ ላይ 49 ፍሬ ቀረ። ለዘጠነኛው የሚያስፈልገውን በጣቷ አሰበችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ጤፉን ጨምርልኝ።»